አራተኛዋ ኤሊ

የእኔን ክፍል ከሦስተኛ ለ የሚለየው አንድ ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነበር። የሦስተኛ ለ አስተማሪ ቀጭን፣ ረጅም፣ የእጅጌዋ ጫፍ ሁልጊዜ ነጭ ብናኝ የማያጣው ሴት ስለነበረች ልጆቹ «ቲቸር ጠመኔ» ብለው ሰየሟት። እኛም ባልደረቦቿ ከልጆቹ ሰምተን ጠመኔ እንላታለን፤ ቅር አይላትም። «እኔስ ጠመኔ ተባልኩ፤ እናንተን ምን ብለው እንደሚጠሯችሁ ብትሰሙ ሥራ ትለቁ ነበር» ትለናለች። ይህን ታሪክ የነገረችኝ እሷው ራሷ ናት። ጥቂቱን በግድግዳው በኩል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ ምን እንደሰማሁ ግን ያን ጊዜ አልገባኝም።

ጠመኔ ትዳር አልያዘችም። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከአባቷ ጋር ትኖራለች። አባቷን ሰፈሩ ጋሼ ቀለም ይላቸዋል። አርባ ዓመት ሙሉ የሱቅ፣ የፋርማሲ፣ የፀጉር ቤትና የጋራዥ ሰሌዳ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ከእያንዳንዱ ፊደል በስተቀኝ ቀጭን ጥቁር ጥላ ስለሚያሳርፉበት ጽሑፋቸው ከሰሌዳው ላይ ብድግ ያለ ይመስል ነበር። በኋላ የባነር ማተሚያ መጣ። ጠዋት ያዘዘውን ከሰዓት መስቀል የቻለ ባለሱቅ፣ አንድ ሽማግሌ መሰላል ላይ ወጥቶ እስኪጨርስ ሳምንት የሚጠብቅበት ምክንያት አልነበረውም። ጋሼ ቀለም ሥራቸውን አልፈቱም፤ ሥራው ነው እሳቸውን የፈታቸው። ስድስት ዓመት መስኮት ሥር ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሲያዩ ዋሉ። በዚያ ላይ የግራ ዐይናቸውን ሞራ ጋረደው።

ጠመኔ ክፍል ውስጥ ስድሳ አራት ልጆች ነበሩ፤ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሦስተኛ ክፍል ደርሰው አንድ ገጽ አንብበው አይጨርሱም። ያልሞከረችው ነገር የለም። አስጨበጨበች፣ በቀይ እስክሪብቶ «ጎበዝ» ብላ ጻፈች፣ ከረሜላ ገዛች። ከረሜላው አፍ ውስጥ ሟሟ፤ ንባቡም አብሮት ሟሟ።

አንድ ቅዳሜ ለአባቷ እንዲህ አለቻቸው፤ «አባባ፣ ትናንት አንዱ ተማሪዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ገጽ አነበበ። የሆነች ነገር ይሳሉልኝና ልስጠው።»

«ምን ልሳል?»

«ልጅ የሚወደውን።»

«ሰሌዳ ስጽፍ ኖሬ አሁን ደግሞ የልጅ መጫወቻ ልሥራ? ይህ ነበር የቀረኝ» ብለው አጉረመረሙ። ግን ተነሡ። የጫማ ካርቶን በምላጭ ቆርጠው፣ ለስላሳው ፊት ላይ ወፍ ሳሉ። ከወፏ ሥር «ወፍ» ብለው ባለጥላ ፊደል አሳረፉ። ከጀርባው ጥግ ላይ ደግሞ «1» ብለው ጻፉ። በሙያቸው ለእያንዳንዱ ሰሌዳ በስተጀርባው ቁጥር መስጠት ልማዳቸው ስለነበረ ነው እንጂ ሌላ ነገር አስበው አልነበረም።

ሰኞ ዕለት ልጁ ካርዱን ሲቀበል ክፍሉ በሙሉ ከበበው። አንዷ ካርዱን ገልብጣ አየችና «ቲቸር፣ ሁለት ቁጥርስ የት አለ?» አለች።

ሁሉን ያመጣችው ይህች ጥያቄ ናት። ጠመኔ ማታ ጥያቄዋን ለአባቷ ነገረቻቸው። ጋሼ ቀለም ምላጫቸውን አነሡና፣ «ሁለት ቁጥር ዝሆን ይሆናል» አሉ።

እንዲህ እንዲህ እያለ አርባ ዓይነት ካርድ ወጣ። ሕጉ ቀላል ነበር፤ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ሳይደናቀፍ ላነበበ፣ የሳምንቱን የቤት ሥራ ላላጓደለ፣ ወይም ጓደኛውን ላስጠና አንድ ካርድ ይሰጠዋል። ዓርብ ዓርብ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በፊት ስም እየተጠራ ይታደላል። አርባውን የሞላ ልጅ እስካሁን የለም፤ ግን ሁሉም ለመሙላት ይሮጣል። በሁለት ወር ውስጥ የሦስተኛ ለ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ የመንገድ ሰሌዳ እያነበቡ መሄድ ጀመሩ። ቀሪ የሚባል ጠፋ። አንዱ ልጅ ትኩሳት ይዞት እንኳ ዓርብ ካልሄድኩ ብሎ ቤቱን ቀውጢ አደረገው። እኔ ራሴ ቀናሁ፤ እውነቱን ለመናገር የእኔ አራተኛ ክፍሎች እንደዚያ አያነቡም ነበር።

ጋሼ ቀለምም ሌላ ሰው ሆኑ። ማልደው ተነሥተው ጺማቸውን ይላጫሉ፤ ብሩሻቸውን ያጥባሉ። ማታ ልጃቸው ስትገባ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ቀጭኔዋን ማን ወሰዳት? ምን አለ ሲያያት?» ይሏታል።

አንድ ካርድ ብቻ አልሆንላቸው አለ። ዐሥራ ሰባት ቁጥር፣ ኤሊ። ጋሼ ቀለም ኤሊ በዐይናቸው አይተው አያውቁም። ከመማሪያ መጽሐፉ ላይ ያለውን ደብዛዛ ሥዕል እያዩ ሦስት ሠሩና አራተኛውን ጀምረው ተዉት። «ይሄ ኤሊ አይደለም። እግር ያበቀለ ድስት ነው» አሉ። ልጆች ግን ጥሩ ሥዕልና መጥፎ ሥዕል አይለዩም፤ የሚለዩት ብዙና ጥቂት ነው። ኤሊዋ በጠቅላላው ሦስት መሆኗ እንደታወቀ ዋጋዋ ሰማይ ነካ። አንድ ኤሊ በአምስት ካርድ፣ ቆይቶም በስምንት ካርድ ተለወጠች። ኤሊ ያለው ልጅ በእረፍት ሰዓት ኳሱን የሚመርጠው፣ የዝላይ ገመዱን የሚይዘው፣ ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚለው እሱ ሆነ። ጠመኔ ይህን ታይ ነበር። የልጅ ነገር ነው ብላ አለፈችው።

መጨረሻው ዴስክ ላይ፣ መስታወቱ ተሰብሮ በካርቶን ከተደፈነው መስኮት አጠገብ አንዲት ልጅ ትቀመጥ ነበር። ልጆቹ ጭጭ ይሏታል። እናቷ ሞታ ከአክስቷ ጋር ነው የምትኖረው። ጠዋት የልብስ ባልዲ አመላልሳ ስለምትመጣ ሁልጊዜ ታረፍዳለች፤ እጆቿም ከሳሙና ብዛት የአሮጊት እጅ መስለዋል። አታስቸግርም፣ አትረብሽም፣ አታነብም። ጠመኔ በእረፍት ሰዓት ከጎኗ እያስቀመጠች ፊደል ታስቆጥራት ነበር። «አንድ ገጽ ያነበብሽ ቀን ከአርባው የፈለግሽውን መርጠሽ ትወስጃለሽ» አለቻት። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ግን ሀ ላይ የያዘችው ለ ላይ ይጠፋባታል። አራት ወር ሙሉ በየዓርቡ ስም ሲጠራ የእሷ ስም አንድም ቀን አልተጠራም። ካርድ የደረሳቸውን ልጆች «እስቲ ልየው» ትላቸዋለች፤ ይሰጧታል። አገላብጣ፣ ወደ ዐይኗ አስጠግታ፣ ረጅም ጊዜ አይታ ትመልሳለች። ስለማትናገር ማንም ልብ አላላትም።

በዚያ ሰሞን የካርዱ ወሬ ርዕሰ መምህሩ ጆሮ ገባ። ሰውዬው ነገር ማሳየት የሚወዱ ሰው ናቸው። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪዎች ስለሚመጡ ሦስተኛ ለን ሊያስጎበኙ አሰቡ፤ ለጠመኔም «የትምህርት ቤታችን ስም በአንቺ ነው የሚጠራው» አሏት። ይህች ቃል ልቧ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ስታስተምር ስሟን በበጎ የጠራ አለቃ አልነበረም።

ተቆጣጣሪዎቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው የክፍሉ አለቃ፣ አንዲት ቀልጣፋ ልጅ፣ ወደ ጠረጴዛዋ ቀረበች።

«ቲቸር፣ አራተኛ ኤሊ አለ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሦስት ብቻ አይደል? አንዷ የእኔ ናት፤ ሁለቱን እነማን እንደያዟቸው አውቃለሁ። ትናንት ግን ገመድ የምታዞረው ልጅ ሌላ ይዛ አየኋት። ከየት አመጣሽ ስላት፣ ከጭጭ አለች። ገመድ ዝላይ ስላስገባቻት ጭጭ ሰጠቻት።»

ጠመኔ ደሟ ፈላ። ተቆጣጣሪ ሊመጣ፣ ሐሰተኛ ካርድ ክፍሉን ሊሞላው። ደግሞም የአባቷ እጅ ሥራ ነው። ካርዱን ከባለገመዷ ልጅ ተቀብላ፣ ጭጭን ወደ ፊት ጠራቻት።

«ይህን ከየት አመጣሽው?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

«እየጠየቅኩሽ ነው።»

«እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ጠመኔ እንደነገረችኝ፣ ልጅቷ በአራት ወር ውስጥ ሳትንተባተብ ስትናገር የሰማቻት ያን ቀን ብቻ ነው። «እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር» አለችኝ። «ሠራሁት ስትለኝ፣ አሳዪኝ ብላት በቂ ነበር።»

አላቆመችም። «ሌላስ አለሽ?» አለቻት። ጭጭ ከደብተሯ መሀል እያወጣች ስምንት ካርድ ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደረች። ከሳሙና ካርቶን የተቆረጡ ናቸው፤ ልካቸው ልክ ነው፣ ከጀርባቸውም ቁጥር አላቸው። ሁለቱ ደግሞ ኤሊ ነበሩ። ጠመኔ ከባለገመዷ ልጅ የተቀበለችውን ዘጠነኛውን ጨምራ እንደ መጫወቻ ካርታ በወዘቻቸው። ከመሀል አንዱን መዝዛ ሥዕሉን በመዳፏ ሸፈነችና ፊደሉን ብቻ አሳየቻት።

«አንቺ ከሠራሽው አንብቢው።»

ጭጭ ካርዱን አየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «ዝሆን» አለች።

ጦጣ ነበር። ጠመኔ መዳፏን ስታነሣ ልጆቹ ሳቁ።

«ይህስ?»

«ወፍ።»

ኤሊ ነበረች። ሳቁ ጨመረ። ሦስተኛ መዘዘች። ልጅቷ አሁን ካርዱን ሳይሆን አስተማሪዋን ነበር የምታየው። ቀስ ብላ «ኤሊ?» አለች። አንበሳ ነበር። ያን ጊዜ ክፍሉ ተንጫጫ፤ ጠረጴዛ የሚደበድብ፣ ሆዱን የሚይዝ ሆነ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅም» አለቻት ጠመኔ። «ሂጂ ተቀመጪ።»

እኔ በግድግዳው ማዶ ሆኜ ሦስቱንም ሳቅ ሰማሁ። ሦስተኛው ረጅም ነበር። የእኔ ልጆች ማካፈል አስጨንቋቸው አቀርቅረው ስለነበር፣ «ሰማችሁ? ሦስተኛ ለዎች እንዴት ደስ ብሏቸው እንደሚማሩ» አልኳቸው።

ጭጭ አላለቀሰችም። ቦታዋ ሄዳ ተቀመጠች፤ ሲደወል እንደማንኛውም ቀን ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። በማግስቱ ቀረች። ተቆጣጣሪዎቹ የመጡ ዕለትም ቀረች። ክፍሉ ግን እንደ ውሃ እየፈሰሰ አነበበላቸው፤ ርዕሰ መምህሩም እጃቸውን እያፋተጉ ወጡ። ጠመኔ ሰኞ ትመጣለች ብላ አሰበች።

ቅዳሜ ዕለት ዘጠኙን ካርዶች ለአባቷ አሳየቻቸው። ማሳየቷ ለአቤቱታ ነበር። «አንዲት ተማሪዬ ሥራዎን ምን እንዳደረገችው ይዩ፤ ገልብጣ ትነግድበታለች» አለቻቸው።

ጋሼ ቀለም ካርዶቹን ይዘው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ጤነኛ ዐይናቸውን እያስጠጉ አንድ በአንድ አዩአቸው። ቆዩ። ጠመኔ የተቆጡ መሰላት።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ዘጠኝ፣ ወይ ዐሥር።»

«ግራኝ ናት።»

«አይ አባባ፣ በቀኟ ነው የምትጽፈው።»

«የምትጽፈው በቀኟ ይሆናል። የሳለችው ግን በግራዋ ነው። መስመሩ የተኛበትን እዪ። ጥላውንም እዪ፤ በእኔ በኩል አይደለም የወደቀው፣ ለእጇ በሚመቻት በኩል አዙራዋለች። አውቃ ነው ያዞረችው።»

ጠመኔ ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አላት። ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ከልጆቹ መሀል እያለፈች፣ መጨረሻው ዴስክ ላይ ያለችን ልጅ እርሳሷን ከግራ እጇ ወስዳ ቀኟ ላይ አስይዛታለች። «በዚህ ጻፊ» ብላት አልፋለች። ለብዙ ልጅ እንዲህ ስላደረገች ፊቷን አላስታወሰችም ነበር።

«ኤሊዋን እዪ» አሉ ጋሼ ቀለም። «የእኔዋ ድስት ናት። ይህቺ ልጅ ግን ኤሊ አይታለች፤ እግሩ ከየት እንደሚወጣ ታውቃለች። ደግሞ ዘጠኝ ካርድ ላይ አንድ ፊደል አልገደፈችም።»

«አባባ፣ ማንበብ እኮ አትችልም። የጻፈችውን አታውቀውም።»

«እኔስ መቼ ዐውቅ ነበር?»

ጠመኔ አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው።

«ሙያ ያስተማረኝ ሰውዬ ፊደሉን በነጥብ ይነጥብልኛል፤ እኔ ቀለም እሞላለሁ። ሁለት ዓመት ምን እንደምጽፍ ሳላውቅ ጻፍኩ። እናትሽም ይህን ሳታውቅ ነው የሞተችው። ፊደል ለአንዳንዱ ሰው በዐይኑ ይገባል፤ ለእኔ በእጄ ነው የገባው። ልጅቷን ቅዳሜ አምጪልኝ።»

ጠመኔ በክፍል ውስጥ ያደረገችውን አልነገረቻቸውም። «እሺ» አለች።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼ ቀለም ሁለት ወንበር መስኮቱ ሥር አስቀምጠው፣ ካርቶን ቆራርጠው ጠበቁ። ጠመኔ «አሟታል አሉ» አለቻቸው። በሁለተኛው ቅዳሜም ወንበሮቹ እንደተቀመጡ ነበሩ። «አክስቷ ሥራ አላት፤ የሚያመጣት አጣች» አለች። በሦስተኛው ቅዳሜ አባቷ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ፣ «አንቺ ልጅ፣ ምን አድርገሻት ነው?» አሏት። አሁን ሁሉንም አወጣችው። ጋሼ ቀለም አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቀላት ነበር። «ፈልጊያት» አሉ፤ ከዚያ በላይ አልተናገሩም።

የልጅቷ አክስት ቤት ከጋራዥ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሴትየዋ ለሆቴል አንሶላ ታጥባለች። ጠመኔ ስትደርስ ግቢው ከዳር እስከ ዳር ነጭ አንሶላ ተሰጥቶበት ነበር፤ ሰው የት እንዳለ አይታይም። በአንሶላዎቹ መሀል እየተሹለከለከች አገኘቻት።

«ቲቸሯ እርስዎ ነዎት?» አለች አክስቲቱ እጇን ከውሃው ሳታወጣ። «ልጅቷ የለችም። ታላቅ እህቴ ዘንድ ልኬያታለሁ። መንታ ወልዳለች፤ ሕፃን የሚይዝላት ፈልጋለች።»

«ትምህርቷስ?»

«እኔ አላስቀረኋትም። እንቢ አለች። ስለምናት፣ ስቆጣት፣ እንቢ። ሰደቧት እንዴ? መቷት?»

«አልመታኋትም።»

«ታዲያ ምን አደረጓት?»

«ልጆች ፊት አሳቅሁባት።»

ሴትየዋ አንሶላውን እስኪጨማደድ ጠመዘዘች። ውሃው እስኪያልቅ ጠብቃ፣ «ቢመቷት ይሻል ነበር» አለች። ክፋት አልነበረባትም፤ እንዲሁ ነው የተናገረችው። ቀጥላም፣ «እዚህ የጎረቤት ግቢ አንድ ኤሊ አለ። ሥራ ስታበቃ እሱ ፊት ተጎልታ ታመሽ ነበር። ምን ታያለሽ እላት ነበር፤ ዝም ትላለች» አለች።

የእህትየዋ ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ጠመኔ ደብዳቤ ልጽፍ አለችና መልሳ ተወችው፤ ማን ያነብላታል? ጋሼ ቀለም ግን ወር ሙሉ ከመስኮቱ ሥር አልተነሡም። አርባውንም ካርዶች እንደ አዲስ ሠሩ፤ ኤሊዋን ከልጅቷ ካርድ ላይ ገለበጡ። ቀለም፣ ሁለት ብሩሽና ባዶ ካርቶን ጨመሩበት። አክስቲቱ ጥቅሉን ለሹፌር ሰጠችላቸው። ከሁለት ወር በኋላ ጠመኔ ልትጠይቅ ስትሄድ፣ «ደርሷል አሉ» አለቻት። «ምን አለች?» ብትላት፣ «እኔ እንጃ፤ ደርሷል ነው ያሉኝ» አለቻት። ከዚያ ወዲያ ምንም አልተሰማም። አክስቲቱም በዓመቱ ቤት ለቃ ሄደች።

ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ካርዱን ለመላው ትምህርት ቤት አሳተሙት። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ፣ የትምህርት ቤቱ ማኅተም ያለበት፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ። የሐሳቡ ባለቤት ናት ተብሎ ጠመኔ በአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ለመምህራን ልምዷን እንድታካፍል ተጠራች። እኔም አብሬያት ሄድኩ። አምስት ገጽ አዘጋጅታ ነበር። ካርድ እንዴት ቀሪን እንደሚቀንስ፣ እንዴት የንባብ ፍላጎትን እንደሚያነሣሣ፣ ሁሉንም በቁጥር አስደግፋ አነበበች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ተጨበጨበላት፤ የምስክር ወረቀት ሰጧት። ስለ ልጅቷ አንድ መስመር አልነበረም።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነው። የምስክር ወረቀቱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር የምታወራው። «ልናገር ነበር» አለችኝ። «ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ልናገር ነበር። ቀና ስል ርዕሰ መምህሩ ፈገግ ብለው ያዩኛል። አለፍኩት።»

በሚቀጥለው ክረምት ጋሼ ቀለም ሳንባቸውን ታመው አረፉ። ሲታመሙ ሁለተኛው ዐይናቸውም ደክሞ ነበር። ልጅቷን አንሥተው አያውቁም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ውጭ በር ሲንኳኳ ቀና ይሉ ነበር ብላኛለች።

ጠመኔ አሁንም ሦስተኛ ክፍል ታስተምራለች። የታተመውን ካርድ ማደል ግዴታ ነው፤ ስለዚህ ታድላለች። ግን ዓርብ ዓርብ ስም አትጠራም። ላነበበውም ላላነበበውም፣ ለመጣውም ላረፈደውም፣ ለስድሳውም ልጅ አንድ አንድ ታስቀምጥለታለች። ርዕሰ መምህሩ ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ጻፉላት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ልጆቹ ካርዱን መሰብሰብ ከተዉ ቆዩ። ለሁሉ የሚሰጥ ነገር ማን ይሻማበታል? በረንዳው ላይ ወድቆ ታገኙታላችሁ፤ አንዳንዱ ጀልባ ሆኖ ታጥፏል፣ አንዳንዱ የዴስክ እግር ተደግፎበታል። ንባቡም ተመልሶ እንደነበረው ሆነ። ባለፈው ፈተና ሦስተኛ ለ ከሁሉም ክፍል መጨረሻ ወጥቷል። ጠመኔ ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

ባለፈው ሳምንት በመምህራን ክፍል ሁለታችን ብቻ ቁጭ ብለን ደብተር እናርም ነበር። ድንገት እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና፣ «አንቺ ብትሆኚ ኖሮ ያን ቀን ምን ታደርጊ ነበር?» አለችኝ።

ልዋሻት ፈለግኩ፤ አልሆነልኝም። «እኔም አንብቢው ነበር የምላት» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። አልተጽናናችም። የሚቀጥለውን ደብተር ከክምሩ ላይ አንሥታ ገለጠችው።